«እጢ ታይቶብሻል» ስትባሉ ምን ማለት ነው? ስለ ማህፀን በር እጢዎች፣ ስለ ካንሰርና ስለ ክትትል



ከሰሞኑ በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ መልእክቶች ብዙዎቹ ፎቶ ናቸው። የአልትራሳውንድ ወረቀት፣ የፓቶሎጂ ውጤት፣ አንዳንዴ ደግሞ በካርድ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈች አንዲት ቃል። ከፎቶው ሥር የሚመጣው ጥያቄ ግን አንድ ዓይነት ነው፦ «ዶክተር፣ ማህፀን በሬ ላይ እጢ አለ ተባልኩ። ካንሰር ነው? ካልሆነስ ወደ ካንሰር ይቀየራል? በስንት ጊዜ ልታይ?»

ለእያንዳንዳችሁ በተናጠል መመለስ ስላልቻልኩ ዛሬ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሡኝ። ከዚህ በታች የማነሳቸው ታካሚዎች እውነተኛ ናቸው፤ ማንነታቸው እንዳይታወቅ ግን ዕድሜያቸውንና አንዳንድ ነገራቸውን ቀይሬዋለሁ።

በቅድሚያ ስለ ቃሉ ላውራ። «እጢ» የሚለው ቃላችን ሁለት ሥራ ይሠራል። ምራቅ የሚያመነጨው የአካል ክፍል እጢ ነው፤ ላብ የሚያወጣውም እጢ ነው፤ ጡት ላይ የበቀለ ካንሰርም በሰው አፍ ያው «እጢ» ነው። ስለዚህ ሐኪሙ «የማህፀን በር እጢዎች ትንሽ ጎልተዋል» ሲል እሱ የሚያስበው የመጀመሪያውን ነው፤ ታካሚዋ የምትሰማው ደግሞ የመጨረሻውን። ከምርመራ ክፍሉ ወጥታ ታክሲ እስክትይዝ ድረስ ልጆቿን ለማን እንደምትተው ማሰብ ጀምራለች። ይህን ክፍተት አይቼዋለሁ፤ ለዚህ ነው የምጽፈው።

የማህፀን በር ምን ይመስላል?

የማህፀን በር የማህፀን የታችኛው ጫፍ ነው። ወደ ብልት የሚያየው የውጭ ፊቱ በብዙ ንብርብር በተደራረቡ ጠንካራ ሕዋሳት የተሸፈነ ነው፤ እንደ አፋችን ውስጠኛ ቆዳ ማለት ነው። ወደ ማህፀን የሚያስገባው ጠባብ ቀዳዳ ግድግዳ ደግሞ አንድ ረድፍ ብቻ ባላቸው ስስ ሕዋሳት ተሸፍኗል። እነዚህ ስስ ሕዋሳት ወደ ውስጥ እየታጠፉ ጉድጓድ ጉድጓድ ይሠራሉ፤ ንፍጥ የሚመስል ፈሳሽም ያመነጫሉ። የማህፀን በር እጢዎች የምንላቸው እነሱ ናቸው። እያንዳንዷ ሴት አላት። የሚያመነጩት ፈሳሽ ጀርም ወደ ማህፀን እንዳይዘልቅ ይከላከላል፤ እንቁላል በሚወጣበት ሰሞን ደግሞ ቀጥኖ የወንዱን ዘር ያሳልፋል። ስለዚህ «እጢ አለሽ» ሲባል መልሱ «አዎ፣ ተመስገን አለኝ» መሆን ነበረበት።

የውጩና የውስጡ ሽፋን የሚገናኙበት ድንበር አለ። ይህ ድንበር በአንድ ቦታ ተተክሎ አይኖርም። በጉርምስና፣ በእርግዝናና ኢስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ ሲወሰድ ወደ ውጭ ይመጣል፤ ዕድሜ ሲገፋ ወደ ውስጥ ይገባል። ይህን ነገር ያዙልኝ። ከዚህ በኋላ የምጽፈው ሁሉ ከዚህ ድንበር ጋር የተያያዘ ነው።

«ቁስለት» የተባለው ቁስል ያልሆነው ነገር

የ24 ዓመት ወጣት ናት። በየቀኑ የሚዋጥ የወሊድ መከላከያ ኪኒን ትወስዳለች። ከግንኙነት በኋላ አልፎ አልፎ ጠብታ ደም ታያለች፤ ነጭ ፈሳሽም በዝቶባታል። እኔ ጋር ስትመጣ በአንድ ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ አንቲባዮቲክ ወስዳለች። በሄደችበት ሁሉ «የማህፀን በር ቁስለት» ተብላለች። ባለቤቷ «ቁስል ከየት አመጣሽ?» ብሎ ጠይቋት፣ ከዚያ በኋላ በአንድ ቤት እየኖሩ ሳይነጋገሩ ወራት አልፈዋል። እሷ ደግሞ ቁስሉ ስላልዳነ ካንሰር ሆኗል ብላ ደምድማለች።

በመሣሪያ ከፍቼ ሳየው በማህፀን በሩ ቀዳዳ ዙሪያ ቀላ ያለ፣ ለስለስ ያለ ክብ ቦታ አለ። የአባላዘር በሽታ ምርመራዋ ንጹሕ ነው። ይህ ኤክትሮፒየን ይባላል። ውስጥ መሆን የነበረበት ስስ የእጢ ሽፋን በሆርሞን ምክንያት ወደ ውጭ ወጥቶ ታየ፤ ነገሩ ይኸው ነው። ስስ ስለሆነ ከሥሩ ያሉት የደም ሥሮች ቀይ አድርገው ያሳዩታል፤ ሲነካ በቀላሉ ይደማል፤ እጢ ስለሆነም ፈሳሽ ያበዛል። ድሮ ሐኪሞች ቀይነቱን አይተው ቆዳው የተላጠ መሰላቸውና ቁስለት የሚል ስም ሰጡት። ስሙ ቀረ፤ ቁስል ግን የለም። ማንም አላስተላለፈባትም፤ ለማንም አታስተላልፍም።

ታዲያ ወደ ካንሰር ይቀየራል? አይቀየርም። ኤክትሮፒየን የካንሰር መነሻ አይደለም፤ ምልክት ከሌለውም ሕክምናም ክትትልም አይፈልግም። ምልክቱ ካስቸገረ የወሊድ መከላከያውን ዓይነት ከሐኪም ጋር ተማክሮ መቀየር ይቻላል፤ በራሳችሁ ውሳኔ ግን አታቋርጡ፣ ያልታሰበ እርግዝና ይመጣል። በጣም ካስቸገረ በማቀዝቀዝ ወይም በማቃጠል የሚደረግ ቀላል ሕክምና አለ፤ እሱም ቢሆን ኢንፌክሽንና ቅድመ ካንሰር አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ።

ለዚያች ወጣት ያዘዝኩላት መድኃኒት አልነበረም። ባለቤቷን ይዛው እንድትመጣ ጠየቅኋት፤ መጣም። ወረቀት ላይ ሥዕል ሥዬ ሳስረዳቸው ዝም ብሎ ሰማኝና «እና ቁስል አይደለም?» አለ። «አይደለም» አልኩት። እሷ ቀና ብላ አላየችውም። አንድ የተሳሳተ ቃል በአንድ ቤት ውስጥ ምን ያህል ሊያበላሽ እንደሚችል ያን ቀን አየሁ።

በእኔም ወረቀት ላይ የተጻፈው

ባለፈው ዓመት ለሌላ ጉዳይ የማህፀን አልትራሳውንድ ተነሥቼ ነበር። ከውጤቱ ሥር «የናቦት ሲስት» የሚል ተጽፏል። ምን እንደሆነ ጠንቅቄ አውቃለሁ፤ ለስንት ሰው አስረድቻለሁ። ሆኖም የራሴን ስም ከላይ፣ «ሲስት» የሚለውን ከታች ሳነብ ልቤ ድንግጥ አለ። ዶክተር መሆን ከዚህ አያድንም። እናንተ ብትደነግጡ አልፈርድባችሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅድም የነገርኳችሁ ድንበር ሲንቀሳቀስ ጠንካራው ሽፋን በእጢው አፍ ላይ ያድግና ይደፍነዋል። እጢው ማመንጨቱን አያቆምም፤ ፈሳሹ መውጫ ሲያጣ ውኃ እንደ ቋጠረች ትንሽ ከረጢት ይሆናል። ብዙውን ጊዜ ጥቂት ሚሊሜትር ነው፤ አንዳንዴ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ያልፋል። በወለዱ ሴቶች ላይ በጣም የተለመደ ነው። ስሙን ያገኘው ማርቲን ናቦት ከተባለ የላይፕሲግ ሐኪም ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ሲገልጻቸው የሴት እንቁላል መስለውት ነበር። ሐኪምም ሊደናገር ይችላል ማለት ነው።

የናቦት ሲስት ካንሰር አይደለም፤ ወደ ካንሰርም አይቀየርም። በየሦስት ወሩ አልትራሳውንድ አያስፈልገውም፤ መጠኑ ከ8 ወደ 11 ሚሊሜትር ቢያድግ ምንም ማለት አይደለም፤ የሚያጠፋው ኪኒንም የለም። አንዲት እናት «ሲስቱን ለማጥፋት» ተብላ የገዛችውን መድኃኒት በፌስታል ይዛ መጥታ አሳይታኛለች። የበግ ዋጋ ነበር። የዚያን ዓመት ፋሲካ ልጆቿ በዶሮ ብቻ ነው የዋሉት። ጉዳት ሁልጊዜ በሽታ ብቻ አይደለም፤ የማያስፈልግ ክትትልም ይጎዳል።

በጣም ትልቅ ከሆነና ከታች ጫና ከፈጠረ፣ ወይም አልትራሳውንዱ ላይ መልኩ የተለየ ከሆነ (ውስጡ ጠጣር ነገር ካለው ወይም ብዙ ሆኖ ወደ ማህፀን በሩ ጥልቀት ከዘለቀ) ያን ጊዜ የማህፀን ስፔሻሊስት ይየው። ከዚያ ውጭ ግን ተዉት።

ፖሊፕ፦ ለምን ወደ ፓቶሎጂ እንደሚላክ

ፖሊፕ ከእጢው ሽፋን አድጎ በቀጭን ግንድ ተንጠልጥሎ የሚወጣ ለስላሳ ሥጋ ነው። ጫፉ ቀይ ሆኖ ከቀዳዳው ብቅ ብሎ ይታያል። በአርባዎቹና በሃምሳዎቹ ዕድሜ ባሉ፣ በተለይም በወለዱ ሴቶች ላይ ይበዛል። አብዛኞቹ ምንም ምልክት የላቸውም፤ አንዳንዶቹ ከግንኙነት በኋላ ወይም በወር አበባ መሃል ያደማሉ።

ከፖሊፖች ውስጥ እጅግ የሚበዙት ጉዳት የሌላቸው ናቸው። ካንሰር ወይም ቅድመ ካንሰር የሚገኝባቸው ከመቶ አንድ ገደማ ናቸው፤ የወር አበባቸው ከቆመና ደም ካዩ ሴቶች ዘንድ ግን ዕድሉ ከፍ ይላል። ይህች ከመቶ አንድ ናት ጉዳዩን የምታጠብቀው። ፖሊፕ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ተይዞ ጠምዘዝ ተደርጎ ነው፤ ደቂቃዎች ቢወስድ ነው፤ ማደንዘዣም አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። የወጣው ሥጋ ግን ፎርማሊን ባለበት ብልቃጥ ውስጥ ገብቶ ወደ ፓቶሎጂ መሄድ አለበት።

አንዲት የ49 ዓመት ሴት እንደገና ደም አይታ መጣች። ከስምንት ወር በፊት ሌላ ቦታ ፖሊፕ ወጥቶላት ነበር። «ውጤቱስ ምን አለ?» አልኳት።

«ምን ውጤት? አወጡት፣ አሳዩኝ፣ ጣሉት» አለችኝ።

ያ ሥጋ ምን እንደነበር ከእንግዲህ ማንም አያውቅም። እንደገና መጀመር ነበረብን፦ ምርመራ፣ አዲስ ናሙና፣ ከማህፀን ውስጠኛው ግድግዳም ጭምር፣ ከዚያ ሁለት ሳምንት ጥበቃ። ውጤቱ ደኅና ሆነ፤ ፖሊፑ ራሱ ደግሞ ተመልሶ የመጣ ነበር፤ ፖሊፕ እንዲያ ያደርጋል። እነዚያን ሁለት ሳምንታት ግን ያለ እንቅልፍ ነው ያሳለፈችው። ያኔ ቢላክ ኖሮ አታሳልፋቸውም ነበር። እናም እህቶቼ፣ ከሰውነታችሁ ሥጋ ሲወጣ «ወደ ፓቶሎጂ ይላካል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ውጤቱ ሲመጣ ኮፒውን ቤታችሁ አስቀምጡ። መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ መብታችሁ ነው።

በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታዩት

አንዳንዶቻችሁ የላካችሁት የፓቶሎጂ ወረቀት ላይ እንግዳ ስሞች አሉ። «ማይክሮግላንዱላር ሃይፐርፕላዢያ» የሚለው ጥቃቅን እጢዎች ተጠጋግተው መብዛታቸውን ነው የሚናገረው፤ በእርግዝናና በሆርሞን መከላከያ ይታያል፤ ጉዳት የለውም። «ተነል ክላስተር» የሚባለው ደግሞ የተስፋፉ እጢዎች ስብስብ ነው፤ እሱም ጉዳት የለውም። ሁለቱም የካንሰር መነሻ አይደሉም። ልምድ ያለው ፓቶሎጂስት ከካንሰር የሚለያቸው እሱ ነው፤ ለእናንተ ግን ትርጉማቸው «ደኅና ነሽ» ነው።

አንድ ለየት የሚል አለ፤ እሱን ሳልጠቅስ ማለፍ ትክክል አይሆንም። «ሎቡላር ኢንዶሰርቪካል ግላንዱላር ሃይፐርፕላዢያ» ይባላል። ብርቅ ነው፤ እኔ ራሴ ወረቀት ላይ እንጂ ታካሚ ላይ አላየሁትም። በራሱ ካንሰር አይደለም። ሆኖም በኤች ፒ ቪ ቫይረስ ከማይመጣ አንድ የማህፀን በር እጢ ካንሰር ዓይነት ጋር ግንኙነት አለው። ዋናው ምልክቱ እንደ ውኃ የቀጠነ፣ ብዙ፣ የማይቆም ፈሳሽ ነው። ፖይትስ ጄገርስ የሚባል በዘር የሚተላለፍ ሕመም ያለባቸው ሰዎች (ከልጅነታቸው ጀምሮ በከንፈርና በአፍ ዙሪያ ጥቋቁር ነጠብጣብ፣ አንጀታቸው ላይ ደግሞ ፖሊፕ ያላቸው) የበለጠ ይጋለጣሉ። ይህ ስም ወረቀታችሁ ላይ ካለ በኤም አር አይና በናሙና የሚከታተል የማህፀን ካንሰር ስፔሻሊስት ያስፈልጋችኋል። ከመልካሞቹ የእጢ ለውጦች መካከል «ክትትል» የሚለው ቃል በእውነት የሚገባው ለእሱ ነው።

ታዲያ አደጋው የት ነው?

እስካሁን «አትፍሩ» ነው ያልኳችሁ። አሁን ደግሞ ሌላውን ወገን ልናገር።

በእጢዎቹ ሕዋሳት ላይ የሚነሣ እውነተኛ ካንሰር አለ። አዴኖካርሲኖማ ይባላል። ከማህፀን በር ካንሰሮች ከመቶ ከ10 እስከ 25 የሚሆኑት ይህ ዓይነት ናቸው፤ ቀሪዎቹ በአብዛኛው ከውጩ ጠንካራ ሽፋን የሚነሡ ናቸው። ይህ ካንሰር ከኤክትሮፒየን ወይም ከናቦት ሲስት አድጎ አይመጣም። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ኤች ፒ ቪ ከሚባለው ቫይረስ፣ በተለይ ከ16ኛውና ከ18ኛው ዓይነት ነው። ካንሰር ከመሆኑ በፊትም ለዓመታት በቅድመ ካንሰርነት ይቆያል፤ በዚያ ደረጃ ከተገኘ የማህፀን በሩን የተወሰነ ክፍል እንደ ሾጣጣ ቆርጦ በማውጣት ይታከማል። መውለድ የጨረሰች ከሆነች ማህፀኑን ማውጣት ይመከራል። ገና መውለድ የምትፈልግ ደግሞ ጠርዙ ንጹሕ ከሆነ ማህፀኗን ይዛ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በየስድስት ወሩ ገደማ ትከታተላለች።

ችግሩ ቦታው ላይ ነው። እጢዎቹ ያሉት ቀዳዳው ውስጥ ነው። በጤና ጣቢያዎቻችን የሚሠራው የአቼቶ ምርመራ (ቪ አይ ኤ የምንለው) የተበጠበጠ አሴቲክ አሲድ ተቀብቶ ነጭ የሚሆነውን ቦታ በዓይን የማየት ዘዴ ነው። ርካሽ ነው፣ ውጤቱ እዚያው ይነገራል፣ ሕክምናውም ብዙ ጊዜ የዚያኑ ቀን ይሰጣል፤ የብዙ እናቶችን ሕይወት አትርፏል። ግን ዓይን የሚያየው የሚታየውን ነው። ቀዳዳው ውስጥ የተሸሸገ የእጢ ለውጥ ሊያመልጠው ይችላል። የወር አበባቸው በቆመ ሴቶች ደግሞ ያ ድንበር ወደ ውስጥ ስለሚገባ ምርመራው አስተማማኝ አይሆንም። ፓፕ ስሚርም ቢሆን የእጢ ሕዋሳትን ከውጩ ሕዋሳት ባነሰ ብቃት ነው የሚይዘው። የኤች ፒ ቪ የዲ ኤን ኤ ምርመራ ቫይረሱን ስለሚፈልግ የተሻለ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2021 ባወጣው መመሪያ ቅድሚያ የሰጠው ለእሱ ነው።

ይህን የምነግራችሁ የአቼቶ ምርመራ እንድትንቁ አይደለም። «ነጌቲቭ ተብያለሁ» የሚል ወረቀት ይዛችሁ እየደማችሁ ቤት እንዳትቀመጡ ነው።

አንዲት የ58 ዓመት እናት ልጃቸው ይዛቸው መጣች። የወር አበባቸው ከቆመ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ከአንድ ዓመት በላይ ቀጭን ፈሳሽ ይፈሳቸዋል፤ አንዳንዴ ሥጋ እንደታጠበበት ውኃ ቀላ ይላል። «እማማ፣ ለምን ቆዩ?» አልኳቸው።

«በዚህ ዕድሜዬ ይኼ ለማን ይነገራል ልጄ? በዚያ ላይ ከሁለት ዓመት በፊት በዘመቻ ታይቼ ደኅና ነሽ ብለውኛል።»

ልጃቸው ያወቀችው በጓሮ ለብቻቸው የሚያጥቡትን ጨርቅ አይታ ነው። ማህፀን በራቸው ከውጭ ሲታይ ያን ያህል የሚያስደነግጥ አልነበረም፤ ጣቴ ሲነካው ግን ጠንክሮና ወፍሮ ነበር። ያኑ ቀን ጻፍኩላቸው። ከቀዳዳው ውስጥ የተወሰደው ናሙና አዴኖካርሲኖማ አለ። ለቀዶ ሕክምና የሚሆነው ደረጃ አልፎ ስለነበር ጨረርና ኬሞቴራፒ ተወሰነላቸው፤ ወረፋም ነበረው። ዛሬም በሕክምና ላይ ናቸው። ልጃቸው አንዳንዴ ትደውልልኛለች፤ እሳቸው ስልኩን ተቀብለው ይመርቁኛል፤ እኔ አሜን እላለሁ፤ ከዚያ ስለ ደማቸው ውጤት እጠይቃለሁ።

ሁለቱን ሴቶች ጎን ለጎን አስቧቸው። የ24 ዓመቷ ምንም ሳይኖርባት ለአንድ ዓመት ካንሰር እንዳለባት አምና ኖረች። የ58 ዓመቷ ካንሰር ይዘው ለአንድ ዓመት ደኅና ነኝ ብለው ኖሩ። ሁለቱንም የጎዳቸው አንድ ነገር ነው፦ ወረቀታቸው ላይ ያለው ቃል ምን እንደሚልና ምን እንደማይል ቁጭ ብሎ ያስረዳቸው አልነበረም።

ማን ምን ያድርግ?

✔️ ኤክትሮፒየን («ቁስለት») ወይም የናቦት ሲስት ካለባችሁና ምልክት ከሌላችሁ፦ የተለየ ክትትል የለም። እንደማንኛዋም ሴት በዕድሜያችሁ የሚገባውን ቅድመ ካንሰር ምርመራ አድርጉ።

✔️ ፖሊፕ ካለባችሁ፦ በተለይ የሚያደማ ከሆነ ወይም የወር አበባችሁ ከቆመ በኋላ የታየ ከሆነ ይውጣ፤ ወደ ፓቶሎጂ ይላክ። ውጤቱ ደኅና ከሆነ በዚያው ያበቃል፤ ምልክቱ ከተመለሰ እናንተም ተመለሱ።

✔️ በፓፕ ስሚር «የእጢ ሕዋሳት ትክክል አይደሉም» የሚል ውጤት ከመጣ፦ «ከስድስት ወር በኋላ እንደገና ይደገም» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። በአጉሊ መሣሪያ (ኮልፖስኮፒ) መታየትና ከቀዳዳው ውስጥ ናሙና መወሰድ ያስፈልገዋል። ዕድሜያችሁ 35 ካለፈ ከማህፀን ውስጠኛው ግድግዳም ጭምር።

✔️ ከግንኙነት በኋላ የሚመጣ ደም፣ የወር አበባ ከቆመ በኋላ የታየ ማንኛውም ደም፣ የማይቆም የቀጠነ ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካለ፦ የምትፈልጉት የጤነኞች ቅድመ ምርመራ ሳይሆን የሐኪም ሙሉ ምርመራ ነው። የዛሬ ዓመት የተሰጠ «ነጌቲቭ» ዛሬ ያለውን ደም አያስረዳም።

የቅድመ ካንሰር ምርመራውን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት ምክር እንዲህ ነው። ሴቶች ከ30 ዓመት ጀምሮ በኤች ፒ ቪ ዲ ኤን ኤ ምርመራ በየ5 እስከ 10 ዓመቱ፤ ያለው የአቼቶ ምርመራ ወይም ፓፕ ስሚር ብቻ ከሆነ በየ3 ዓመቱ። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሴቶች ከ25 ዓመት ጀምሮ፣ በዲ ኤን ኤ ምርመራ በየ3 እስከ 5 ዓመቱ። የኤች ፒ ቪ ናሙናን ሴቲቱ ራሷ መውሰድ የምትችልበት ዘዴም አለ፤ «አልጋው ላይ መውጣት አፍራለሁ» ለምትሉ ይህን አገልግሎት በአካባቢያችሁ ጠይቁ።

ሴት ልጅ ያላችሁ ደግሞ ክትባቱን አትርሱ። ኢትዮጵያ የኤች ፒ ቪ ክትባትን በ2018 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት ጀምራለች። ክትባቱ የእጢውን ካንሰር ጭምር ይከላከላል፤ 16ኛውንና 18ኛውን ዓይነት ይሸፍናልና። በዓይን በሚደረግ ምርመራ ሊያመልጥ የሚችለውን ካንሰር ገና ሳይጀምር የሚያስቀረው ይህ ነው። «መሃን ያደርጋል» የሚለው ወሬ ሐሰት ነው።

ከምርመራ ክፍሉ ከመውጣታችሁ በፊት

ሐኪም ሥራ ይበዛበታል። እኔም ከምሳ በፊት ሠላሳ ሰው የማይበት ቀን አለ። በእንደዚያ ያለ ቀን ቃል ያጥራል፤ «ትንሽ እጢ ነው፣ ችግር የለውም» ተብሎ ቀጣዩ ይጠራል። ስለዚህ እናንተም አግዙን። ሦስት ጥያቄ ብቻ ያዙ፦

አንደኛ፣ «ይህ ነገር ስሙ ማን ይባላል? እባክዎ ይጻፉልኝ።» «እጢ» ስም አይደለም፤ «ሲስት»ም ብቻውን ስም አይደለም።

ሁለተኛ፣ «ወደ ካንሰር ይቀየራል ወይስ አይቀየርም?»

ሦስተኛ፣ «መቼ ልመለስ? ቀጠሮው ሳይደርስስ ምን ካየሁ ልምጣ?» «አያስፈልግም» ከተባላችሁ ያም መልስ ነው፤ ገንዘባችሁንም እንቅልፋችሁንም ያተርፍላችኋል።

እኔ የራሴን ወረቀት አጥፌ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ሲስቱን ለማየት ሌላ አልትራሳውንድ አልተነሣሁም፤ አልነሣምም። የኤች ፒ ቪ ምርመራዬን ግን ሠርቻለሁ፤ ቀጣዩን ቀን ደግሞ ስልኬ ላይ መዝግቤዋለሁ።

ይህን ጽሑፍ ለእህታችሁ፣ ለጓደኛችሁ አጋሩት። ለእናታችሁ ግን ማጋራት ብቻ አይበቃም፤ አንብቡላቸው። ካነበባችሁላቸው በኋላም ቀስ ብላችሁ ጠይቋቸው፤ ሳይጠየቁ አይናገሩምና።

ጥያቄ ያላችሁ በአስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልኝ። የምርመራ ወረቀት ስትልኩ ስማችሁንና የካርድ ቁጥራችሁን መሸፈን እንዳትረሱ።

ጤና ይብዛላችሁ!